ከግድብ ውኃ በየትኛው ጥልቀት ይሳብ? ስለ መቱና ስለ ኢሉባቦር ከተሞች የቀረበ ሒስ

ለአንድ ከተማ የውኃ ማጣሪያ ሲታቀድ ሦስት ነገሮች በረዥሙ ይጻፋሉ፤ እነዚህም የሕዝቡ ብዛት፣ የግድቡ ከፍታና የቱቦው ርዝመት ናቸው። አራተኛው ነገር፣ ይኸውም ውኃው ከተጠራቀመበት ግድብ ውስጥ በየትኛው ስፍራና በየትኛው ጥልቀት ይሳብ የሚለው ጥያቄ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ መሥመር ይታለፋል። «ውኃው ከግድቡ ይወሰዳል» ይባልና ብዕሩ ወደ ቱቦው ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው ያንን አንድ መሥመር ነው። የጻፍነውም ስለ መቱ፣ ስለ ጎሬ፣ ስለ ያዮ፣ ስለ በደሌና ስለ መሰሎቻቸው በማሰብ ነው። በደሌ ዛሬ በአስተዳደር የቡኖ በደሌ ዞን ብትሆንም ዝናቧና አፈሯ ከቀድሞው ጠቅላይ ግዛት ጋራ አንድ ስለ ሆነ አብረን ቈጥረናታል።

የመሳቢያው አፍ አንድ ጊዜ በኮንክሪት ከተገነባ በኋላ ስፍራውን የሚለቅ ነገር አይደለም። ቱቦ ይቀየራል፣ ፓምፕ ይለወጣል፣ የማጣሪያው አሸዋ በየጊዜው ይታጠባል፤ በግድቡ ሥር የተቀበረ አፍ ግን ግድቡ እስካለ ድረስ እዚያው ይኖራል። እንግዲህ በሥዕሉ ላይ በአንድ ቀን የተመረጠ ቍጥር ገና ያልተወለዱ ሕፃናት የሚጠጡትን ውኃ ይወስናል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ጥያቄው አንድ መሥመር አይበቃውም።

ነገሩን ለመረዳት ከጠላ ጋን መጀመር ይቀላል። ጠላ የጠመቀች ሴት ጋኑን ስትከፍት ከላይ የሰፈፈውን ገፋ ታደርጋለች፤ መቅጃዋንም እስከ አተላው አታወርድም። የጠራው በመካከል እንደሚገኝ ያስተማራት መሐንዲስ የለም። ሆኖም የጋኑ ምሳሌ የሚረዳን እስከ አንድ ስፍራ ድረስ ብቻ ነው። ጋን በጓዳ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ግድብን ግን ፀሐይ ይመታዋል፣ ነፋስ ያናውጠዋል፣ ጐርፍ ይገባበታል። ዛሬ የጠራው የመካከል ውኃ በሚመጣው ሳምንት ከሁሉ የደፈረሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «መካከሉን ቅዳ» የሚለው መልስም ቢሆን ሳይመረመር መወሰድ የለበትም።

በአገራችን ሁለት አስተያየቶች ሲነገሩ ይሰማል። አንደኛው «ውኃ በጠለቀ ቍጥር ይጠራል፣ ይቀዘቅዛልም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ማጣሪያው ምን ሊሠራ ተሠራ? የመጣውን ያጣራ» የሚል ነው። ሁለቱም ከልምድ የተወለዱ ስለ ሆኑ በንቀት ሊታዩ አይገባም፤ ዳሩ ግን ሁለቱም በግድብ ላይ ሲሠሩ ስሕተት ናቸው።

የመጀመሪያው አስተያየት የመጣው ከምንጭና ከጕድጓድ ነው። ከምድር ውስጥ የሚወጣ ውኃ በአፈርና በአለት መካከል ሲያልፍ ስለሚጣራ፣ የጠለቀውና የቀዘቀዘው በእውነት ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። በግድብ ግን ጥልቁ የቈሻሻው ማረፊያ ነው። ከላይ የሞተው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ የከብት እበቱ፣ የጐርፍ ጭቃው እዚያ ይከማቻል። ይህ ሁሉ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይበላዋል። የላይኛው ውኃ ከታችኛው ጋራ ካልተደባለቀ ደግሞ የተበላው ኦክሲጅን የሚተካበት መንገድ የለም።

እዚህ ላይ ስለ ውኃ ክብደት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ውኃ ከ4 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይቀላል፤ የሚቀልበት መጠን ግን በየዲግሪው እኩል አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ከ4 ወደ 5 ዲግሪ ሲሞቅ ከክብደቱ የሚቀንሰው ከ10 ግራም ያነሰ ነው። ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ወደ 250 ግራም ይቀንሳል። እንግዲህ በሞቃት ውኃ ውስጥ የአንዲት ዲግሪ ልዩነት በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ካለችው የአንዲት ዲግሪ ልዩነት ከ25 ጊዜ በላይ ኃይል አላት። በእኛ አገር ግድብ ላይኛው ክፍል ከታችኛው በሁለት ወይም በሦስት ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ፣ ዘይት በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ያህል ባይሆንም፣ ቀላሉ በከባዱ ላይ ተኝቶ ሳይደባለቅ ሊሰነብት ይችላል።

ብዙዎቻችን ይህን ትምህርት የተማርንባቸው መጻሕፍት የተጻፉት በቀዝቃዛ አገር ነው። በበጋ ሐይቁ በንብርብር ይከፈላል፣ በመከር ይደባለቃል፣ በክረምት በረዶ ይሸፍነዋል፣ በጸደይ እንደ ገና ይደባለቃል ይላሉ። ይህ ለአገራቸው ልክ ነው። በመቱ ግን በረዶ የሚሸፍነው ሐይቅ የለም፤ «ክረምት» ስንልም ዝናብ ማለታችን እንጂ ውርጭ ማለታችን አይደለም። ይህ የአውሮጳ ቀን መቍጠሪያ በእኛ ግድብ ላይ እንዳለ ሲለጠፍ ስናይ አለመንቀፍ አይቻልም። የሚያሳዝነው ደግሞ ከሌላ አገር መጽሐፍ መበደር ሳያስፈልገን በገዛ አገራችን የተጠና ነገር መኖሩ ነው። ባክስተር፣ ፕሮሰር፣ ታሊንግና ዉድ የተባሉ ሊቃውንት በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1965 ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ባላቸው የአፍሪካ ሐይቆች ላይ ስላለው የውኃ ንብርብር የታወቀ ጽሑፍ አውጥተዋል። ከጻፉት መካከል በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ይገኙባቸዋል፤ ከመረመሯቸውም ውኆች ውስጥ የቢሾፍቱ ሐይቆች አሉ። የመቱ ከፍታ ወደ 1,600 ሜትር ስለ ሆነ በርእሱ ከተወሰነው ከፍታ ውስጥ በትክክል ይገባል።

ከቢሾፍቱ ሐይቆች የምንማረው ይህ ነው። ሐይቆቹ በዓመቱ ብዙ ወራት በንብርብር ተከፍለው ይኖራሉ፤ ጥልቁም ኦክሲጅን ያጣል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ በሚበርድበት ወራት የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፤ ሐይቁም ይደባለቃል። ይሁን እንጂ የቢሾፍቱን ነገር ሳይመረምሩ ወደ ኢሉባቦር መገልበጥም ያው ስሕተት ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ በገደል የተከበበ፣ ወንዝ የማይገባበት ውኃ ነው። ለአንድ አነስተኛ ከተማ የሚሠራ ግድብ ግን 10 ወይም 15 ሜትር ቢጠልቅ ነው፤ ወንዝም ዓመቱን ሙሉ ያልፍበታል። እንዲህ ያለ ውኃ ቶሎ ይነባበራል፣ ቶሎም ይደባለቃል። ምናልባትም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ያደርጋል። ስለዚህ ለእኛ የሚያስፈልገው «በዓመት ስንት ጊዜ ይደባለቃል» የሚለው የመጽሐፍ ጥያቄ ሳይሆን «ዛሬ ጧት በየሜትሩ ስንት ዲግሪ ነው» የሚለው የማጣሪያ ሠራተኛ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ጥልቁ እንመለስ። በኢሉባቦር የጥልቁ ውኃ ጠንቅ ከሌላው አገር የሚብስበት ምክንያት አለ። አፈሩ ቀይ ነው፤ ቀይ ያደረገውም ብረት ነው። ኦክሲጅን ባለበት ብረቱ በአፈሩ ላይ እንደ ዝገት ተጣብቆ ይኖራል፤ ኦክሲጅን ሲጠፋ ግን ሟሙቶ ወደ ውኃው ይገባል። ማንጋኒዝም እንዲሁ ነው። በዚህ ላይ አገሩ ደን ነው። ጥላ ያለውን የቡና መሬት ውኃ እንዲሸፍነው የተደረገ እንደ ሆነ፣ የዘመናት ቅጠልና ብስባሽ ከውኃው በታች ይቀራል። ግድቡ በተሞላባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥልቁ እንደ በሰበሰ እንቍላል ቢሸት ሊያስደንቀን አይገባም። ዛፉ ተቈርጦ፣ ግንዱና ቅጠሉ ተለቅሞ ካልወጣ ነገሩ ይብሳል።

የዚህ ውኃ ክፋት ከላቦራቶሪ በፊት የሚታወቀው በቤት ውስጥ ነው። ብረት ያለበት ውኃ ከቧንቧ ሲወጣ የጠራ ይመስላል፤ በባልዲ ውስጥ ጥቂት ሲቈይ ግን ይዝጋል። ነጠላ ሲታጠብበት ቡናማ ነጥብ ይተዋል። ሻይ ሲፈላበት ይጠቁራል፤ በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋራ ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ስለሚሠራ ነው። ብረት በሊትር 0.3 ሚሊግራም ከደረሰ ልብስ ማበላሸት ይጀምራል። ይህ እንኳ ሰውን ከማስቀየም በቀር ብዙ ጕዳት የለውም። ማንጋኒዝ ግን የተለየ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለማንጋኒዝ የሰጠው ጊዜያዊ ልክ በሊትር 0.08 ሚሊግራም ነው። ልኩ ሲወሰን ከሁሉ በላይ የታሰበውም በጡጦ የሚያድጉ ሕፃናት ናቸው። ከጥልቅ የሚስብ አፍ እንግዲህ የልብስ ጕዳይ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው አስተያየት ማለትም «ማጣሪያው ያጣራው» የሚለው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በአነስተኛ ከተሞች የተለመደው ማጣሪያ አሉሚኒየም ሰልፌት ጨምሮ ድፍርሱን የሚያረጋ፣ በአሸዋ የሚያጠልል፣ በመጨረሻም ክሎሪን የሚጨምር ነው። ይህ አሠራር የሚይዘው በውኃው ውስጥ የተንሳፈፈውን እንጂ የሟሟውን አይደለም። የሟሟ ማንጋኒዝ በአሸዋው መካከል ያልፋል። ክሎሪን ቢያገኘውም ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ፣ ጥቁሩ ደለል የሚረጋው በማጣሪያው ገንዳ ውስጥ ሳይሆን በከተማው ቱቦ ውስጥ ነው። ከዚያ ከወራት በኋላ አንድ ቀን የቧንቧው ግፊት ሲለዋወጥ ተነሥቶ በየቤቱ ይፈስሳል። ሕዝቡም ማጣሪያውን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የማጣሪያው አይደለም፤ የአፉ ነው።

የወጪውንም ነገር ማሰብ ተገቢ ነው። አሉሚኒየም ሰልፌት በአገራችን በአዋሽ መልካሳ ፋብሪካ ይሠራል፤ ከአዲስ አበባ እስከ መቱ ያለው መንገድ ብቻ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደፈረሰ ውኃ ብዙ መድኃኒት ይበላል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ሚሊግራም አሉሚኒየም ሰልፌት በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ግማሽ ሚሊግራም የሚሆን አልካሊነት ከውኃው ይወስዳል። ዝናብ አብዝቶ ባጠበው አፈር ላይ የሚፈስስ ውኃ አልካሊነቱ አነስተኛ ስለሚሆን ኖራ መጨመር ግድ ይሆናል፤ ኖራም ይጫናል፣ ይከፈልበታል። ግማሽ ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ የተሻለ ውኃ መሳብ ቢቻል ይህ ሁሉ ጭነት ይቀንሳል። የመድኃኒቱን መጠን ለማወቅ በብርጭቆ የሚደረገው ፈተና ለየጥልቀቱ ለየብቻ ቢደረግ ልዩነቱ በአንድ ጧት በዓይን ይታያል። ይህን ፈተና ከአንድ አፍ በሚመጣ ውኃ ላይ ብቻ ሲያደርጉ መኖር፣ አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የትኛው በር እንደሚሻል እንደ መመርመር ነው።

እንግዲህ ጥልቁ ክፉ ከሆነ ከላይ እንቅዳ የሚል ሰው ይነሣል። የላይኛውም የራሱ ጠንቅ አለው። ብርሃንና ሙቀት ባለበት አልጌ ይራባል። ከነዚህም ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉት በውስጣቸው የጋዝ ከረጢት ስላላቸው ተንሳፍፈው በላይኛው ገጽ ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም ይሰፍራሉ፤ አንዳንዶቹም መርዝ ይሠራሉ። ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ከምትጠጣባቸው ግድቦች አንዱ በሆነው በለገዳዲ ውኃ ውስጥ እንዲህ ያለ መርዝ መገኘቱን በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ለገዳዲ ከዚያም በፊት በድፍርስነቱ የታወቀ ውኃ ነው። ሸክላው እጅግ የደቀቀ ስለ ሆነ በቶሎ አይረጋም፤ ማጣሪያውም ብዙ መድኃኒት ይጠይቃል። አንድ ግድብ ሁለቱንም ጠንቅ በአንድነት ሊይዝ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

መርዙ ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል ለማወቅ በ1996 (እ.ኤ.አ.) በብራዚል አገር በካሩዋሩ ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በደንብ ያልተጣራ የግድብ ውኃ ለኵላሊት እጥበት አገልግሎት ውሎ ከ50 የማያንሱ ሕሙማን ሞተዋል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በአሜሪካ የቶሊዶ ከተማ፣ በሐይቁ ጥልቀት በሌለው ምዕራባዊ ክፍል የተተከለው መሳቢያ የሳያኖባክቴሪያ መርዝ ስለ ሳበ፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ለሦስት ቀን ያህል የቧንቧ ውኃ እንዳይጠጣ ታዝዟል። ሀብታሞቹ ይህ ከደረሰባቸው፣ ሕሙማን ከሩቅ ወረዳ ሁሉ ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል የሚመጡበት ከተማ ስለ መሳቢያው አፍ ማሰብ ትርፍ ነገር አይሆንበትም። ከዚህ ጋራ መታወቅ ያለበት አንድ ጥብቅ ነገር አለ። አልጌ በበዛበት ውኃ ላይ ገና ከመግቢያው ክሎሪን መጨመር ሴሉን ሰብሮ በውስጡ የነበረውን መርዝ ወደ ውኃው ይለቀዋል። ሴሉ ሳይሰበር በአሸዋ ሊያዝ የነበረው መርዝ ከሟሟ በኋላ አይያዝም። ይህም «ማጣሪያው ያጣራው» የሚለውን ሐሳብ ሁለተኛ ጊዜ ያፈርሰዋል።

ከዚህ በኋላ የጐርፉ ነገር ይመጣል፤ በኢሉባቦርም ሰፊው ጕዳይ ይኸው ነው። በጎሬና በመቱ አካባቢ የሚዘንበው ዝናብ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስም አይርቅም። ዝናብ ሲመታ የወንዙ ውኃ ከግድቡ የላይኛው ውኃ ይልቅ ቀዝቃዛና ጭቃ የተሸከመ ስለ ሆነ ይከብዳል። ወደ ግድቡ ሲገባም በላዩ ላይ አይፈስስም፤ ጠልቆ በሥሩ ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜ እስከ ግድቡ ግንብ ድረስ መሬት ለመሬት ይደርሳል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ክብደቱ ከእርሱ ጋራ የሚተካከል ውኃ ሲያገኝ በመካከል ይዘረጋል። ከላይ ሲታይ ሐይቁ ጸጥ ያለና የጠራ ነው፤ በ5 ሜትር ጥልቀት ግን ቀይ ጭቃ ያልፋል። የጠላው ጋን ምሳሌ የሚከሽፈው በዚህ ቀን ነው። የመካከሉ አፍ በዚያን ሳምንት ከሁሉ የከፋ አፍ ይሆናል፤ በአንጻሩ የላይኛው፣ አልጌ ከሌለበት፣ ከሁሉ የተሻለ ይሆናል።

ስለ ቡና ጥቂት ካልተናገርን ስለ ኢሉባቦር ተናገርን ማለት አይቻልም። የቡና መለቀሚያው ወራት በብዛት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከወንዝ አጠገብ ይሠራሉ። ከእነርሱ የሚወጣው ውኃ የቡናውን ሥጋና ዝልግልግ ይዞ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የሚበላው ኦክሲጅን እጅግ ብዙ ነው። ጊዜውን ልብ እንበል። ዝናቡ ሲያባራ፣ ወንዙ ሲቀንስ፣ ግድቡም ሞልቶ ሲቆም ይህ ጣፋጭ ቈሻሻ ይገባል፤ ወደ ጥልቁም ይወርዳል። ከዚያም በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ ግድቡ ከላይ እስከ ታች ሊደባለቅ ይችላል። በጥልቁ የተጠራቀመው ብረት፣ ማንጋኒዝና ሽታ በአንድ ሰሞን ወደ ሁሉም ንብርብር ይወጣል። በዚያ ሰሞን የትኛውም አፍ አያድንም። የሚያድነው ቀደም ብሎ ማወቅና ማጣሪያውን ማዘጋጀት ነው፤ ወይም ከሁሉ በፊት ግድቡን ከማጠቢያ ጣቢያ በላይ መሥራት ነው። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚገኝበትን ስፍራ ሳያሳይ የግድብ ስፍራ የሚመርጥ ካርታ ለዚህ አገር የተሠራ ካርታ አይደለም።

በግድቡ ወርድና ርዝመት ውስጥ አፉ የት ይሁን ለሚለው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከወንዙ መግቢያ ይራቅ፤ ከብት ከሚጠጣበትና ልብስ ከሚታጠብበት ዳር ይራቅ፤ የከተማው ቦይ ከሚገባበት ጎን አይሁን፤ ነፋስ የሰፈፈውን ወደሚገፋበት ጥግም አይሁን። ይህን ማንኛውም አስተዋይ ገበሬ ያውቀዋል።

ጭንቁ ያለው በመፍትሔው ላይ ነው። መጻሕፍቱ የሚያዝዙት በውኃው ውስጥ የቆመ ግንብ፣ በየጥልቀቱም ሦስት ወይም አራት በር ያለው ነው። በሐሳብ ደረጃ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ነቀፌታችን የሚጀምረው ከተሠራ በኋላ ነው። በር የሚከፈተውና የሚዘጋው በሰው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ካልተንቀሳቀሰ ይዝጋል፣ ይጣበቃል። ሦስት አፍ ኖሮት አንዱ ብቻ የሚከፈት ግንብ፣ ከአንድ አፍ ግንብ የሚለየው በወጪው ብቻ ነው። ስለዚህ የበሩ ብዛት ብቻውን ምርጫ አይባልም። ምርጫ የሚባለው በሩን ማን፣ በየትኛው መለኪያ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚያዞረው ሲጻፍ ነው።

ለአነስተኛ ከተማ ተንሳፋፊ መሳቢያ የሚሻል የሚመስላቸው አሉ። በበርሜል ወይም በጀልባ ላይ የታሰረ ተጣጣፊ ቱቦ ሆኖ፣ ውኃው ከፍ ዝቅ ሲል አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ነው። ርካሽ ነው፤ ሲበላሽም በዳር ሆኖ ይጠገናል። ጕድለቱ ሁልጊዜ ከላይኛው ገጽ አጠገብ መሆኑና በጐርፍ ጊዜ ግንድ ሊመታው መቻሉ ነው። ቱቦው በሰንሰለት የሚወርድና የሚወጣ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ጕድለት በብዙ ይቀንሳል። የእኛ አስተያየት ይህ ነው። የመቱን ያህል ለሆነ ከተማ በእጅ የሚዞሩ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ አፎች ይበቃሉ፤ አራትና አምስት በር ጌጥ ነው። ከዚያ ላነሱት ከተሞች በሰንሰለት የሚወርደው ተንሳፋፊ መሳቢያ ይመረጣል። ከሁለቱም ጋራ ለማጠቢያ የሚሆን ዝቅተኛ መውጫ ለብቻው ይኑር፤ እርሱን ለመጠጥ ማዋል ግን አይገባም።

ዝቅተኛ አፍ ሌላም ጠላት አለው፤ ደለል። የጎንደርን ከተማ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል የተጐዳ መሆኑ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባም ለገፈርሳ ግድብ ደለል የሚያስቀር ሌላ ግድብ ከበላዩ ተሠርቶለታል። «የግድቡን ውኃ እስከ መጨረሻው ጠብታ እንድንጠቀምበት አፉ ዝቅ ይበል» የሚለው የሒሳብ ሰው ክርክር የሚረሳው ይህን ነው። ዝቅ ያለው አፍ በወረቀት ላይ ብዙ ውኃ ያስገኛል፤ ደለሉ ሲደርስበት ግን ጭቃ ይስባል።

ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ ይገባ የነበረውን ጥያቄ እስከ አሁን ያቈየነው ሆን ብለን ነው። ለኢሉባቦር ከተሞች ግድብ ያስፈልጋቸዋል ወይ? ምንጭ በየሸለቆው በሚፈልቅበት አገር፣ ምንጩን በድንጋይና በሲሚንቶ ጠብቆ ማምጣት ከግድብ ይቀድማል። ጥያቄው ግን በምንጭ የሚያልቅ አይደለም። ከተማ ሲያድግ የምንጩ ብዛት አይበቃም፤ በጥርና በየካቲትም ይቀንሳል። ያን ጊዜ ዓይን ወደ ወንዝ ይዞራል፤ በመቱ ወደ ሶር፣ በያዮ ወደ ገባ። የሶር ወንዝ ከመቱ ደቡብ ምሥራቅ ባለው በታወቀው ፏፏቴው ይወርዳል። በዚሁ ወንዝ ላይ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረ 5 ሜጋዋት ኃይል የሚሰጥ ጣቢያም አለ። ከወንዝ በቀጥታ መሳብ ከንብርብር ጣጣ ያድናል፤ በምትኩ የወንዙን ድፍርስ በዝናብ ቀን ሁሉ እንዳለ ያመጣል። ግድብ የሚጠቅመው ጭቃውን ለማስረጋትና የበጋውን ጕድለት ለመሙላት ነው። ዋጋውም ከላይ የዘረዘርነው ጣጣ ነው። ሁለቱን አመዛዝኖ መምረጥ ይገባል እንጂ ግድብን እንደ ሥልጣኔ ምልክት ብቻ ማየት አይገባም።

የጎሬ ነገር ከመቱ ይለያል። ጎሬ በ2,000 ሜትር ግድም ከፍታ በተራራ ጫፍ የተቀመጠች ስለ ሆነች ብዙው ውኃ ከበታቿ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት በሒሳብ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ለምሳሌ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ውኃ 200 ሜትር ይነሣ ቢባል፣ ፓምፑ ከሚቀበለው ኃይል 60 በመቶውን ብቻ ወደ ሥራ የሚለውጥ ከሆነ በቀን ወደ 900 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በጎሬ «ንጹሑን ውኃ ከታች፣ ወይስ መካከለኛውን ከላይ?» የሚለው ጥያቄ የመድኃኒትን ወጪ ከኤሌክትሪክ ወጪ ጋራ ማስተያየት ይሆናል። ለመቱ የተሰጠ መልስ ለጎሬ አይሆንም።

ግድቡ ገና ሳይሠራ ጥልቀቱን እንዴት እንለካ የሚል ተቃውሞ እንደሚቀርብ እናውቃለን። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ሐይቁ ሳይኖር የሐይቁን ንብርብር መለካት አይቻልም። ወንዙን ግን መለካት ይቻላል፤ ሙቀቱን፣ ድፍርስነቱን፣ ብረቱንና ማንጋኒዙን ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ በዘነበበትም ማግስት። በግድቡ ሥር የሚቀረውን አፈርና ብስባሽ መመርመር ይቻላል። ከዚያም አፉ ከአንድ በላይ ሆኖ ይሠራ፤ ምርጫው ለነገ ክፍት ሆኖ ይቈይ። ግድቡ ከተሞላ በኋላ በየሳምንቱ በጀልባ ወጥቶ በየሜትሩ ሙቀቱንና ኦክሲጅኑን መመዝገብ፣ በየወሩም ብረትና ማንጋኒዝ ማስመርመር ነው። የውኃውን ጥራት ለማየት አባ ሴኪ የተባሉት ኢጣሊያዊ ካህን በ1865 (እ.ኤ.አ.) የሞከሩት ነጭ ሳሕን እስከ ዛሬ ይሠራል። በገመድ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ይጻፋል። ከቈርቈሮ ተቈርጦ ነጭ ቀለም ቢቀባ ይበቃል።

በ2011 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ቅርብ ናቸው። ገመድ፣ ቴርሞሜትር፣ ሳሕን፣ የኦክሲጅን መለኪያና አንድ ጀልባ ካገኙ ሥራው ሁለት ሰው ይበቃዋል። መዝገቡ የሚጀመርበት ወር ደግሞ ኅዳር ቢሆን ይመረጣል፤ የቡናው እጥበትና የሌሊቱ ብርድ ሁለቱም የሚገናኙት ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነውና።